ቁጠሩ በሳምንቱ፣ ተረጋጉ በአርባው

ጎንደር ላይ አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይጠባል ወይ?" ብሎ ነው። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ደህና ይጠባል፣ ተመስገን"። ጡት ግን እንደ ጡጦ መስመር የለውም፤ ምን ያህል እንደገባ ከውጭ አይታይም። የገባውን የሚናገረው የወጣው ነው። ስለዚህ ከ"ይጠባል ወይ?" የሚሻለው ጥያቄ "ከትናንት እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና? ስንት ጊዜ ካካ አለ? መልኩስ?" የሚለው ነው። (በጨዋ ደንብ ዓይነ ምድር፣ በጤና ጣቢያ ቋንቋ ሰገራ ይባላል፤ እዚህ ግን እናቶች እንደሚሉት ካካ እያልን እንቀጥል።)

ችግሩ ጭንቀታችን ቦታውን መሳቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ እያንዳንዱ እርጥብ ጨርቅ መቆጠር ባለበት ጊዜ፣ ቤቱ በእንግዳና በገንፎ ተይዞ ቆጣሪ የለም። ክርስትናው ሲቃረብ ደግሞ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሦስት ቀን ካካ ሳይል ሲቀር ቤተ ዘመድ ይሸበራል፤ ያኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም።

ቆጠራው የሚጀምረው ከተወለደበት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት የተወለደ ልጅ የመጀመሪያ ቀኑን የሚጨርሰው ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው እንጂ ሌሊቱ ሲነጋ አይደለም። ይህን ካላስተካከላችሁ ቆጠራው በግማሽ ቀን ይዛባል፤ በነዚህ ቀናት ግማሽ ቀን ብዙ ነው። ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት የቀኑ ቁጥርና የሽንቱ ቁጥር እኩል ይሄዳል። በአንደኛው 24 ሰዓት ቢያንስ አንድ ሽንት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው አራት። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ እስከ ስድስተኛው ሳምንት እዚያው ላይ ይቆያል። ከዚህ የበዛ ችግር የለውም፤ ያነሰ ግን ይጠየቃል።

ካካው ግን በቁጥር ብቻ አይነበብም፤ መልኩ ይቀየራል። የመጀመሪያው ጥቁር፣ አረንጓዴ የሚያጠላበት፣ እንደ ሬንጅ የሚለጠፍ፣ ሽታ የሌለው ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሞች ሜኮኒየም ይሉታል። በማሕፀን ሳለ የዋጠው እንሽርት፣ የተራገፈ የአንጀት ሽፋንና ሐሞት የተጠራቀመበት ነው። ጊዜውን ጠብቀው ከተወለዱ ሕፃናት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ያወጡታል፤ የቀሩትም እስከ 48 ሰዓት። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሊዘገዩ ይችላሉ። 48 ሰዓት አልፎ ምንም ያልወጣለት፣ በተለይ ሆዱ የተነፋና አረንጓዴ የሚያስመልሰው ልጅ፣ የአንጀት መዘጋት ወይም የአንጀቱ ጫፍ ነርቭ ጉድለት ሊኖርበት ስለሚችል ቤት ውስጥ አይጠበቅም። አረንጓዴ ትውከት ካለ 48 ሰዓቱም አይጠበቅም። መቀመጫው ቀዳዳ እንዳለው ገና ሲወለድ መታየት ያለበትም ለዚሁ ነው፤ ባለሙያዋ ካላሳየቻችሁ "አይታችኋል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ጥቁሩ እየሳሳ ወደ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫማ አረንጓዴ ይሄዳል። በአምስተኛው ቀን ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጭን፣ ውስጡ ነጫጭ ፍሬ ያለበት ይሆናል። ፍሬው ያልተፈጨ የወተት ስብ ነው። ይህ ፈሳሽ ካካ ተቅማጥ አይደለም፤ የእናት ጡት የሚጠባ ልጅ ካካ እንዲህ ነው። ሽታው ቀላል ነው፣ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። በዚህ ዕድሜ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጠበቃል፤ አንዳንዱ በጠባ ቁጥር ያወጣል፣ ያውም እየጮኸ። ሆድ ሲሞላ አንጀት ስለሚነቃ ነው እንጂ ወተቱ ቀጥ ብሎ እያለፈ አይደለም። የሚቆጠረው ግን ከባለ አንድ ብር ሳንቲም የሰፋው ነው፤ ፈስ ሲወጣ አብሮ የነካካውን አትቁጠሩ።

በአምስተኛው ቀን ካካው አሁንም ጥቁር ከሆነ ወይም በ24 ሰዓት ከሦስት ያነሰ ከሆነ ወተት በበቂ እየገባ አይደለም ማለት ነው። ቀላሉና ርካሹ ምልክት ይህ ነው፤ ሚዛን ከማሳየቱ በፊት ያሳያል።

እርጥብ ማለትስ ምን ያህል ነው? በጨርቅ ለሚያሳድጉ ችግር የለም፤ እጅ ሲነካው ይታወቃል። ዳይፐር ግን ያታልላል። ውስጡ ያለው ጄል ሽንቱን ውጦ ላዩን ደረቅ ያደርገዋል። በሱቅ ዳይፐር በፍሬ እየተገዛ፣ ለመቆጠብ ተብሎ አንዱ ለአምስት ስድስት ሰዓት ሲቆይ ደግሞ ሦስት ሽንት ይዞ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ወይም ምንም ሳይዝ "ረጥቧል" ይባላል። መፍትሔው አንድ ዳይፐር መሠዋት ነው። አዲስ ደረቅ ዳይፐር ላይ ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ አፍስሱበት፤ ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ የቡና ሲኒ ግማሽ ግድም። በእጃችሁ መዝኑት፣ ጨመቅ አድርጉት፣ ከደረቁ ጋር አነጻጽሩት። ከአምስተኛው ቀን በኋላ የሚጠበቀው አንድ ሽንት እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ዳይፐሩ ውስጥ ቁራሽ ሶፍት ወይም የታጠፈ ስስ ጨርቅ አንጥፉበት፤ ሶፍቱ ከራሰ አንድ ብላችሁ ያዙ። በአንዳንድ ዳይፐር ላይ ያለው ቢጫ መስመር ሲረጥብ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ መርጠቡን ይናገራል፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን አይናገርም። የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው ደረቁን መዝኖ ከእርጥቡ ይቀንስ፤ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ነው። በዳይፐር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚታዩት የሚያብረቀርቁ ድቡልቡል ፍሬዎችም ጄሉ ፈንድቶ የወጣ ነው፤ ከልጁ የወጣ ነገር አይደለም።

የሽንቱ ቀለም ውሃ መምሰል አለበት፣ ወይም በጣም ፈዘዝ ያለ ቢጫ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጨርቁ ላይ የሸክላ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ብርቱካናማ ወይም ሮዝ እድፍ ሊታይ ይችላል። ብዙ ቤት "ደም ሸና" ተብሎ ያስጮሃል። ደም አይደለም፤ ሽንቱ ሲወፍር የሚቀር ጨው ነው። ወተቱ ሲመጣ ይጠፋል። በአምስተኛው ቀንም ካለ ግን ትርጉሙ ይለወጣል፤ ልጁ ጠምቶታል። ሴት ልጅ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከብልቷ ነጭ ዝልግልግ ወይም ጥቂት ደም ሊታይባት ይችላል። ከእናቷ የወሰደችው ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ይቆማል፤ አይጠረግም፣ አይታከምም። ወንድ ልጅ ሲሸና ቀስት ሠርቶ ቢረጭ ደስ ይበላችሁ። ሁልጊዜ ጠብ ጠብ እያለ ብቻ የሚወርድ ከሆነ የሽንት መውጫው ላይ እንቅፋት ሊኖር ስለሚችል ይታይ። በስምንተኛው ቀን ከተገረዘ በኋላም በ8 ሰዓት ውስጥ መሽናቱን አረጋግጡ፤ በዚያ ቀን ድግሱ ላይ ብቻ አይናችሁን አትጣሉ።

አሁን ወደ ቅቤው እንምጣ። በሰሜኑ አገር ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነው፤ ሐሳቡ አንጀት ማለስለስና ጥቁሩን ማስወጣት ነው። ስኳር በውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳምም በየቤቱ አለ። የአያቶችን ፍቅር ማንም አይጠራጠርም፤ ሥራውን ግን እንገር ራሱ ይሠራዋል። እንገር አንጀት ያንቀሳቅሳል፤ ጥቁሩ ቶሎ ሲወጣ በውስጡ ያለው ሐሞት ተመልሶ ወደ ደም አይገባም፣ የዓይንና የቆዳ ቢጫነትም ይቀንሳል። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚጠባው እንገር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ "ጡቷ ባዶ ነው" የሚያስብለው ይህ ማነሱ ነው፣ ሆዱ ግን በዚያው ይረካል። ቅቤው በተቃራኒው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ጀርም ይዞ ይመጣል፣ ልጁን አጥግቦ ከጡት ያዘገየዋል።

የውሃው ጉዳት ደግሞ ከቆጠራችን ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ስኳር ውሃ የተሰጠው ልጅ ይሸናል። ጨርቁ ይረጥባል፣ ቁጥሩ ይሞላል፣ ቤተሰቡ ይረጋጋል፤ ልጁ ግን እየከሳ ነው። ሽንትና ካካ ሁለቱም መቆጠር ያለባቸው ለዚህ ነው። ሽንት ውሃ መግባቱን ይመሰክራል፤ ወተት መግባቱን የሚመሰክረው ቢጫው ካካና ሚዛኑ ነው። ሽንት ስድስት፣ ካካ ግን አንድ፣ ያውም አረንጓዴና ትንሽ ከሆነ፣ ከጡት ሌላ ምን እንደተሰጠው በእርጋታ ጠይቁ። በርግጠኝነት አንድ ሰው ጓዳ ውስጥ ማንኪያ ይዟል።

ሚዛኑን በተመለከተ፦ ማንኛውም ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ 200 ግራም ቢያጣ የተለመደ ነው። 300 ግራም፣ ማለትም ከአሥር አንድ እጅ፣ ካጣ የአጠባቡ ሁኔታ የግድ መታየት አለበት። እናቲቱ በምጥ ጊዜ ብዙ ግሉኮስ ተሰጥቷት ከነበረ የልጁ የመነሻ ክብደት በውሃ ከፍ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ቅነሳው ከእውነቱ በላይ ይመስላል። ያኔም ጨርቁ ይዳኛል። በ14 ቀን ወደ ተወለደበት ክብደት መመለስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። ከጤና ተቋም የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ቆይቶ ስለሆነ ወሳኞቹ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ቀናት ቤት ውስጥ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትመጣ ወይም በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የቆጠራችሁትን በወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ በቂ ነው፤ ለሽንት አንድ መስመር፣ ለካካ አንድ ክብ።

ቁጥሩ ካነሰ መጀመሪያ የሚስተካከለው አጠባቡ ነው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ ተኝቶ ከሦስት ሰዓት በላይ ካለፈው ይቀስቀስ። የሚጎርሰው ጫፉን ብቻ ከሆነ እናትን ያቆስላል፣ ወተትም አይወርድለትም። አፉ ሰፋ ብሎ ተከፍቶ፣ የታችኛው ከንፈር ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ አገጩ ጡቷን ነክቶ፣ ከጥቁሩ ክብ ብዙውን መያዝ አለበት። ከሁለተኛው ሦስተኛው ቀን በኋላ ሲውጥ መሰማት አለበት። ሲጠባ የሚያንቀላፋውን ጠቅልላችሁ አታሙቁት፤ ግለጡት፣ እግሩን አሻሹ፣ ጡቷን በእጅ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። በኦፕሬሽን ለወለደች እናት ወተቱ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ያኔ ቶሎ ቶሎ ማስጠባትና በእጅ አልቦ በሲኒ ማጠጣት ያስፈልጋል። አጥሚትና የአብሽ ውሃ እናት ትጠጣው፤ ልጁ ወይም ሽንቱ አብሽ አብሽ ቢሸት ከዚያ ነው፣ አይግረማችሁ።

ከስድስተኛው ሳምንት በፊትና በኋላ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። የወንድ ልጅ ክርስትና አርባ ቀን ላይ ነው፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን አንጀትም ልማዱን የሚለውጠው በዚያው ሰሞን ነው። ትናንት በቀን አምስት ጊዜ የነበረው ዛሬ በሁለት ቀን አንዴ፣ በሳምንት አንዴም ይሆናል። እንገሩ አልቋል፣ አንጀቱ በስሏል፣ ከወተቱም የሚተርፈው ቆሻሻ ትንሽ ነው። ክርስትናው ላይ ብዙ ሰው ስላቀፈው "ዓይን በላው"፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ "ብርድ መታው" ይባላል። አጋጣሚው ብቻ ነው። እስከ ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ አሥር ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ፣ የሚሸና ከሆነ፣ የሚጨምር ከሆነ፣ ሆዱ ልስልስ ከሆነና ሲወጣ ለስላሳ ከሆነ። ሲወጣ ግን ብዙ ነው፤ አንገቱ ድረስ ይደርሳል፣ ነጭ ልብስ አታልብሱት። የሽንቱ ቁጥርም በዚህ ዕድሜ ወደ አምስት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ፊኛው ስላደገ አንዱ ሽንት ይከብዳል።

ይህ ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። የሁለት ሳምንት ልጅ ሦስት ቀን ካካ ካላለ "በአርባውም ይቆያል ተብሏል" ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ እሱ ወተት አንሶታል ወይም ሌላ ነገር አለ፤ ይመዘን። ስለ ጨርቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ዕድሜ ካልተጠቀሰበት አትስሙት፤ የኛንም ጨምሮ።

ማማጥና ድርቀትም ይምታታሉ። ሕፃኑ ቀልቶ፣ እግሩን አጥፎ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እያቃሰተ ያምጥና የሚወጣው ለስላሳ ከሆነ ድርቀት የለበትም። ሆዱን መግፋትና መቀመጫውን ማላላት ገና አንድ ላይ አልለመደም፤ በጥቂት ሳምንታት ይማራል። ድርቀት የሚባለው እንደ ፍየል በጠጥ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ነው። ሳሙና መክተት፣ የቴርሞሜትር ጫፍ ማስገባት፣ ጉሎ ዘይት ማጠጣት፣ ሁሉም ይቅር። ሳሙናው ያቆስላል፤ የሚከተትለት ልጅ ደግሞ ያለ እሱ መውጣቱን ይረሳል። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ በጠጥ የመሰለ አያወጣም ማለት ይቻላል፤ ካወጣ የዱቄት ወተት ወይም የላም ወተት ገብቷል።

የዱቄት ወተት የሚወስድ ልጅ ካካው ወፈር ያለ፣ ቡናማ ቢጫ፣ ሽታው ጠንከር ያለ ነው፤ በቀን አንዴ ሁለቴ ይበቃዋል። ሲደርቅበት መጀመሪያ ማንኪያውን መርምሩ። ውሃው ቀድሞ ይለካል፣ ዱቄቱ በቆርቆሮው ማንኪያ ተለክቶ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ይጨመራል፤ "ይጠንክርለት" ተብሎ የሚቆለለው ማንኪያ ነው ድርቀት የሚያመጣው፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ለመቆጠብ ማቅጠን ደግሞ ያከሳዋል። ስንት ማንኪያ ለስንት ውሃ እንደሆነ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ብቻ ተከተሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ዱቄቱ ውስጥ ጀርም ሊኖር ስለሚችል ውሃው ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቀዘቅዝ፣ ገና ትኩስ ሳለ ይበጥበጥና ከዚያ ተቀዝቅዞ ይሰጥ። የላም ወተት በውሃ ቀጥኖም ቢሆን ዓመት ሳይሞላ ዋና ምግብ አይሆንም፤ አንጀትን በጥቂቱ ሊያደማ፣ ብረት ሊያሳጣ ይችላል።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው አረንጓዴን ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ የነዚህ ቅልቅል፣ ልጁ ደህና እስከሆነ ድረስ ሁሉም መደበኛ ነው። እናት የበላችው በርበሬም ቀለሙን አይለውጥም። የሚያስፈሩት ሦስት ናቸው፤ እነሱም እኩል አይደሉም።

ነጭ፣ ግራጫ፣ የኖራ ወይም የሊጥ መልክ ያለው ካካ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ግን ማንም አይደነግጥለትም፣ ምክንያቱም አያስጠላም፣ አይሸትም። ሐሞት ወደ አንጀት አልደረሰም ማለት ነው። ሐሞት የሚያወርደው ቧንቧ የተዘጋ ልጅ ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል፤ ቢጫነቱ ከ14 ቀን ያልፋል፣ ሽንቱ ጠቆር ብሎ ጨርቁን ቢጫ ያቀልማል፣ ካካው ደግሞ ይነጣል። ለዚህ የሚሠራው፣ ካሳይ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ውጤቱ የተሻለ የሚሆነው ከ60 ቀን ዕድሜ በፊት ሲሠራ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እያሞቁ መጠበቅ እነዚያን ቀናት ይበላል። ቢጫነት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ካካውን በፀሐይ ብርሃን እዩት፤ ከነጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ። (በመጀመሪያው 24 ሰዓት የታየ ቢጫነት፣ ወይም መዳፍና ውስጥ እግር የደረሰ፣ ካካው ምንም ይምሰል ድንገተኛ ነው።)

ደም ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱ ግን ሰፊ ነው። የእናት ጡት ጫፍ ተሰንጥቆ ከሆነ ልጁ የዋጠው የእሷ ደም ጠቁሮ ሊወጣ ይችላል። ደረቅ ካካ ላዩ ላይ ቀይ ክር ካለበት መቀመጫው ተሰንጥቋል። ለስላሳ ካካ ውስጥ ደምና ንፍጥ ተቀላቅሎ ከታየ ኢንፌክሽን ወይም የላም ወተት ፕሮቲን አለመስማማት ሊሆን ይችላል፤ ለኋለኛው ሐኪም እናትን ወተትና የወተት ተዋጽኦ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እንድትተው ያዛታል። (ጾም ላይ የሆነች እናት ሙከራውን ሳታውቀው ጀምራዋለች።) ከሁለት ወር በታች ያለ ልጅ ካካው ውስጥ ደም ካለበት ምክንያቱን ቤት ውስጥ አትገምቱ፤ ይታይ። ሦስተኛው ጥቁር ነው፦ ሜኮኒየሙ አልቆ ቢጫ ከሆነ በኋላ ተመልሶ ሬንጅ ሲመስል፣ የብረት ጠብታ ካልወሰደ በቀር፣ ከላይ የደማ ነገር ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ያስኬዳል።

ተቅማጥን ጡት ከሚጠባ ልጅ ቀጭን ካካ የሚለየው ለውጡ ነው። ድንገት ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬው ጠፍቶ ውሃ ብቻ ሲሆን፣ ዳይፐሩ ላይ ክብ የውሃ እድፍ ጥሎ ሲሰርግ፣ ሽታው ሲለወጥ ተቅማጥ ነው። ጡት አይቋረጥም፤ ይጨመራል። ከሁለት ወር በታች ከሆነ ቤት ውስጥ አይታከምም። ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ሲታዘዝ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡ። ብዙው ለአንድ ሊትር ነው፤ ግማሹን ጥቅል በብርጭቆ ውሃ በግምት መበጥበጥ ጨው ያበዛበታል። ከ24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። በ6 እና በ10 ሳምንት በአፍ የሚሰጠው የሮታ ክትባት የከፋውን ተቅማጥ ለመከላከል ነው፤ ቀኑን አታሳልፉ። የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ተቅማጥን አያቆምም፤ ደምና ኢንፌክሽን ይጨምራል እንጂ።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ቆጠራ ይቁም፣ ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ስምንት ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ አፉ ከደረቀ፣ ለመጥባት ካልነቃ፣ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው። ሌሊትም ቢሆን።

ስለ ጨርቁ ራሱ ጥቂት። ያረጀ ነጠላ ከሁሉ ይለሰልሳል፤ ካልተገኘ ቅዳሜ ገበያ አቡጀዲ ገዝቶ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥቦ ማለስለስ ነው። በቀን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ትቀይራላችሁ፤ በክረምት ጨርቅ ሁለት ቀን አይደርቅም፤ ስለዚህ ከ25 እስከ 30 ቁራጭ ያስፈልጋል። ውሃ ተቋርጦ በጀሪካን የምትኖሩበት ሳምንት ካለ ጥቂት ጨምሩ። ካካው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቅ፤ በሙቅ ከተጀመረ እድፉ ይይዛል። ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ። ውሃ ለመቆጠብ የተዘለለው ሁለተኛ መለቅለቅ ነው ብዙ ጊዜ መቀመጫ የሚያቀላው፤ በረኪናም እንዲሁ። በክረምት ካውያ ይምታው። የቀላ መቀመጫ በለብ ያለ ውሃ ብቻ ይታጠብ፣ ሳይታሸግ ይናፈስ፣ ዚንክ ያለው ቅባት ወይም ቫዝሊን ይቀባ። እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ደማቅ ቀይ ከሆነና ዙሪያው ትናንሽ ነጥብ ካወጣ ፈንገስ ነውና ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ ትጠረጋለች፤ ወንድ ልጅ ሸለፈቱ ወደ ኋላ አይጎተትም።

ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ መልክ ካያችሁ ደግሞ በቃል አትግለጹት፤ "ነጣ ያለ" ለአንዱ ቢጫ ነው፣ ለሌላው ኖራ። ዳይፐሩን አጥፋችሁ በፌስታል ያዙት፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት። ፎቶው በመስኮት ብርሃን ይሁን። በቢጫ አምፖል ሥር ነጩ ቢጫ ይመስላል፤ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ የተነሳው ደግሞ ቢጫውን ነጭ ያደርገዋል።